ቧንቧው ሳይከፈት ውል አይፈረም፦ ጎንደር ላይ አፓርታማ የተከራየ ሰው ከሕንፃ አስተዳደር ጋር እንዴት ይነጋገር?

ደላላው ሳሎን ወስዶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና «ይኸው ግንቡ! ቁጭ ብለው ቡናዎን እየጠጡ ያዩታል» አለኝ። አልዋሸም። ከአራተኛ ፎቅ የፋሲል ግንብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቧንቧውን ግን አልከፈተልኝም፤ እኔም ክፈትልኝ አላልኩም። በሁለተኛው ሳምንት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ በደረጃ ስወጣ ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈች ወረቀት አነበብኩ። «ለጊዜው አይሠራም» ትላለች። ወረቀቷ ከመቆየቷ ብዛት ቢጫ ሆናለች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ። በውሃ ተጣልተናል፣ በመብራት ሒሳብ ተጣልተናል፣ በሽንት ቤት ጉድጓድ ተጣልተናል። ደረጃ ላይ ቆመን የጮህንበት ነገር ሁሉ እዚያው ደረጃ ላይ ቀርቷል። መልስ ያገኘነው ቀንና ቁጥር ጽፈን የሰጠናቸው ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ከዚያ የወጣ ነው። አዲስ ቤት ልትገቡ ከሆነ ከደረጃ 2 ጀምሩ፤ እንደ እኔ ከገባችሁ በኋላ የነቃችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው።

ደረጃ 1፦ «አስተዳደር» የሚባለው ማን እንደሆነ ለዩ

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እኛ ሕንፃ ላይ ኪራይ የሚሰበስበው ሌላ፣ ቁልፍ የያዘው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ ነው። አምፖል ተቃጠለ ብላችሁ ዘበኛውን ብትጠይቁ «ወኪሉን አናግሩ» ይላል። ወኪሉ «ባለቤቱን ልጠይቅ» ይላል። ባለቤቱ ዋሽንግተን ነው። እዚያ ጧት ሲሆን እኛ ጋ ማታ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነው።

ሕንፃው የአንድ ሰው ከሆነና የሚያስተዳድረው ወኪል ከሆነ የውክልናውን ኮፒ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ውክልናው ላይ «ማከራየት» ብቻ ነው ወይስ «ማሳደስ፣ ማስጠገን፣ በፍርድ ቤት መከራከር» ጭምር? ማስጠገን የሚል ከሌለበት ሰውየው ገንዘብ ተቀባይ ነው ማለት ነው። ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው፤ ደብዳቤያችሁ ለባለቤቱ በእሱ በኩል መድረስ አለበት።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ነገሩ ይለያል። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ ደረጃው ጨለመ ብላችሁ የማኅበሩን ሰብሳቢ ከመውቀስ አከራያችሁን በስብሰባ ላይ እንዲያነሳው ማድረግ ይሻላል። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ግን አንብቡት። ስለ ጫጫታ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ወርሃዊ መዋጮ እዚያ የተጻፈው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ውሉን አውጥታችሁ እንደ ባዳ አንብቡት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሮች ተለውጠዋል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ከ2 ዓመት ያነሰ ጊዜ አይሆንም። ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ ሲነሳበት የሚያደርገው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው። አዋጁን በየከተማው የሚያስፈጽመው የክልሉ መዋቅር ስለሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ ውል የሚመዘገበው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ውልና ማስረጃ አስመዝግበናል ብላችሁ ይህን አትተዉት።

አሁን ወደ ሚያሳፍረው ነገር እንምጣ። ብዙ አከራይ ለግብር እንዲመቸው ውሉ ላይ አነስተኛ ዋጋ ይጻፍ ይላል። ተከራይም ቤቱ እንዳያመልጠው «ችግር የለውም» ብሎ ይፈርማል። እኔም ፈርሜያለሁ። በኋላ ስትጣሉ ግን የተጻፈው ዋጋ ራሳችሁ ላይ ይመጣባችኋል። ያስያዛችሁት ገንዘብ በእውነተኛው ዋጋ፣ ወረቀቱ በሌላ ዋጋ። ፍርድ ቤት ወረቀቱን ነው የሚያየው። ቢያንስ የምትከፍሉትን ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «የጥር ኪራይ፣ ቤት ቁጥር 403» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ የተሰጠ ብር አፍ የለውም።

ውሉ ላይ ከሌሉ እንዲገቡ የምታስጽፏቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ውሃ በሮቶ እንደሚቀርብና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ መብራት በግል ቆጣሪ ይሁን በጋራ፣ የጥበቃና የጽዳት ክፍያ ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚያካትት፣ ብልሽት በስንት ቀን እንደሚጠገን። የመጨረሻዋን ወኪሉ አይወዳትም። እሷን ነው አጥብቆ መያዝ።

ጥገናን በተመለከተ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቃቅኑን ጥገና፣ ለምሳሌ የበር፣ የመስኮትና የቧንቧ ብልሽትን፣ ለተከራይ ይተዋል። በእርጅና የመጣው ግን የእናንተ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ ስትገቡ የነበረውን ሁኔታ በፎቶ መያዝ ግድ ነው። ሽንት ቤት፣ የእቃ ማጠቢያ ሥር፣ የግድግዳ እርጥበት፣ የመስኮት ማጠፊያ። አርባ ፎቶ አይበዛም።

ደረጃ 3፦ ደብተር ክፈቱ

የአንድ ብር ከሃምሳ ዘመን የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል፤ ዛሬ ዋጋው ቢጨምርም። በስቲከር የተሞላ የስልክ ግሩፕ መዝገብ አይሆንም፤ ሦስት ቀን አልፎ ያን መልእክት ልፈልግ ብትሉ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ሥር ተቀብሯል። የእኔ ደብተር አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ጥር 3፦ ውሃ ሌሊት መጣ። ሮቶ ሞላ።
ጥር 5፦ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቀጠነ።
ጥር 6፦ ጧት የለም። ወኪሉ ተደወለለት፣ 3 ጊዜ፣ አላነሳም።
ጥር 8፦ ወኪሉ ደወለ። «የከተማው ችግር ነው» አለ።
ጥር 11፦ ጥምቀት። እንግዳ 6፣ ውሃ 0።

የመጨረሻዋን የጻፍኩት በንዴት ነው፤ ግን ጠቅማናለች። በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለካ ለቧንቧም ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ውሃው ላይ ዋናውን ጊዜያችሁን አጥፉ

ጎንደር ውስጥ የሁሉም ጠብ እናት ውሃ ናት። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የተደገፈችው በአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ፣ ሕዝቡ እየበዛ ሄዶ ውሃ በፈረቃ ሆነ። አስተዳደሩ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ምንም ብትጠይቁት «የከተማው ችግር ነው» ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። የእናንተ ሥራ ሌላኛውን ግማሽ መለየት ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከሕንፃው ጎን ያለ ግቢ ውስጥ ውሃ መቼ እንደመጣና እንደሄደ ጠይቁ። ለእነሱ መጥቶ ለእናንተ ካልመጣ ችግሩ ከከተማው አይደለም፤ ከበራችሁ ወዲህ ነው። ከዚያ ቆጣሪውን ፈትሹ። የሁሉም ቤት ቧንቧ ተዘግቶ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ ሥሩ። የእኛ ሮቶ 5,000 ሊትር ነው። ቤቱ 12፣ በየቤቱ በአማካይ 4 ሰው፣ በጠቅላላ 48። ቆጥበን አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 1,920 ሊትር ይሆናል። ሮቶው ሦስት ቀን አይሞላም። ውሃ የሚመጣው ደግሞ በስምንት ቀን ነው። ለስምንት ቀን 15,360 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፌ ለወኪሉ ስሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በፊት «እናንተ ውሃ ታባክናላችሁ» ነበር የሚለን። አንዷን እናት «ልብስ በየቀኑ ያጥባሉ» ብሎ ሁሉ ወቅሷታል።

ነገሩ ግን በሒሳቡ ብቻ አላበቃም። አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከእንቅልፌ ነቃሁ። አሸንዳው ውሃ እያወረደ ነው። ዝናብ መስሎኝ ተመልሼ ልተኛ ስል ቀኑ ትዝ አለኝ። ጥር ነው። ጎንደር ላይ በጥር ምን ዝናብ አለ? በእጅ ባትሪ ጣሪያ ላይ ከዘበኛው ጋር ወጣን። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በስምንት ቀን አንዴ የሚመጣው ውሃ ከላይ እየፈሰሰ በአሸንዳው ወደ መንገድ ይሄዳል። ዘበኛው ራሱን ይዞ «ወይኔ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ እሰማው ነበር» አለኝ።

ያቺን ኳስ ለመቀየር ግማሽ ቀን አልፈጀም። ስለዚህ ትልቁን ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ጣሪያ ውጡ። ክዳኑ መኖሩን፣ ኳሱ መሥራቱን፣ ሮቶው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠበ እዩ። ምድር ቤት ያለው ካፌ ወይም መኪና እጥበት ከዚያው ሮቶ የሚቀዳ መሆኑንም አጣሩ። የንግድ ቤት ከመኖሪያ ጋር አንድ ሮቶ ከተጋራ ምንም ያህል ብትቆጥቡ አይበቃችሁም።

በቦቴ የሚመጣ ውሃ ሲገዛ ሁለት ሰው ቆሞ ይይ። ቦቴው ስንት ሊትር ነው፣ የት ተቀዳ፣ ደረሰኙ የታለ። ለመጠጥ ግን አፍሉት ወይም አክሙት።

ደረጃ 5፦ የጋራ ቆጣሪ ካለ መብራቱን እንደዚህ አስሉ

የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ርካሹን ይከፍላል፤ ከ500 በላይ የሆነው ውዱን። አሁን አስቡት፦ አሥራ ሁለት ቤት እያንዳንዱ 100 ቢጠቀም በየራሱ ቆጣሪ ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 1,200 ይሆንና አብዛኛው በውዱ ይታሰባል። ማንም አልሰረቀም፤ ግን ሁላችሁም ከልክ በላይ ከፍላችኋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ስለተወሰነ ልዩነቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት የአከራዩ ጥያቄ ሆኖ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ እንዲቀርብ በጽሑፍ ጠይቁ። እስኪገባ ድረስ ለየቤቱ የመቁጠሪያ መሣሪያ ቢተከል ቢያንስ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ይሆናል።

«የፓምፕ» ተብሎ የሚጠየቀውን ደግሞ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ባለ 1.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ 1.1 ኪሎዋት ገደማ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ 2.2፣ በወር 66 ኪሎዋት ሰዓት። ከዚህ በብዙ የራቀ ቁጥር ከመጣባችሁ ፓምፑ ውሃ በሌለበት ሲሽከረከር ያድራል ማለት ነው፤ ወይም ሌላ ነገር አለ።

ምጣድ የብቻ ርዕስ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እኛ ሕንፃ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ ብሬከሩ ይወድቃል። አስተዳደሩ «ምጣድ ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ጎንደር ላይ ቤት አከራይቶ እንጀራ አትጋግሩ ማለት! ወረቀቷ አንድ ሌሊት አላደረችም። መፍትሔውን ሴቶቹ ራሳቸው አመጡት፦ ቅዳሜ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ፣ እሑድ ከሰዓት አራተኛና አምስተኛ። ገመዱ እንዲወፍር የጠየቅነው ግን እስካሁን አልተሠራም።

ደረጃ 6፦ ጎረቤት ሰብስቡ፣ በቡና

ብቻውን የሚያማርር ተከራይ «አስቸጋሪው» ይባላል። ሰባት ሲሆኑ «ተከራዮቹ» ይባላሉ። ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «የወኪሉ እናት እድር ላይ ናቸው»፣ «ልጁን ክርስትና ያነሳው አጎቴ ነው»። ጎንደር ትንሽ ናት፤ ሁሉም ከሁሉም ይነካካል። ስለዚህ ስብሰባ አትበሉት። ቡና ጥሩ። እኛ ጋ የመጀመሪያዋ ፎቅ እማማ ጠሩን። አቦሉ ላይ ስለ ልጆች፣ ቶናው ላይ ስለ ውሃ፣ በረካው ላይ ማን እንደሚፈርም ተወራ።

ራሳችሁንም አትርሱ። ፋሲካ ዋዜማ ላይ አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ታስሮ ያደረው በግ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳን፤ የታረደውም ደረጃ ላይ ነው። ደሙን ማን ይጠበው በሚል ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ቀርቶ ነበር። አስተዳደሩ «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» ሲለን አፋችንን ያዘን። አሁን የእርድ ቦታ ግቢው ጥግ ነው፤ ውሃውንም ያረደው ያመጣል።

ደረጃ 7፦ ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ ሁለት ኮፒ። አንዱን ስጡ፣ ሌላኛው ላይ ወኪሉ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ሰጥታችሁ የምስክሮቹን ስም ጻፉበት፤ ፎቶውንም በስልክ ላኩለት። ስድብ አይገባም። «ሕዝብ ምን ያህል እየተሰቃየ» አይገባም። እኛ የጻፍነው ይህን ይመስል ነበር፦

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም
ለሕንፃው አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የውሃ ማጠራቀሚያ እንዲጨመር ስለመጠየቅ
ከታች የፈረምነው የ9 ቤት ተከራዮች ከጥር 3 እስከ ጥር 19 ባሉት 17 ቀናት ውሃ ያገኘነው ለ6 ቀን ብቻ መሆኑን በመዝገብ ይዘናል። ያለው ሮቶ 5,000 ሊትር ሲሆን ለስምንት ቀን የሚያስፈልገው 15,360 ሊትር ነው። ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ሮቶ እስከ የካቲት 20 እንዲተከል፣ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። የመዝገቡ ኮፒ 2 ገጽ ተያይዟል።

በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ። የሊፍቱን፣ የጽዳቱንና የውሃውን አንድ ላይ ከጻፋችሁ ወኪሉ ቀላሉን አምፖል ቀይሮ «ጥያቄያችሁ ተመልሷል» ይላችኋል። ከልምድ ነው የምናገረው። አንድ ሮቶ በየካቲት መጨረሻ ተተከለ። ሁለተኛው «ከፋሲካ በኋላ» ተብሏል፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ሊፍትን በተመለከተ ግን ትዕግስት አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ሰው ውስጥ ከቀረ በሩን በብረት መፈልቀቅ የለም፤ ሊፍቱ በድንገት ቢንቀሳቀስ ሰው ይቆረጣል። የጥገና ባለሙያው ስልክ ውስጥም ውጭም እንዲለጠፍ፣ የማስለቀቂያው ቁልፍ ዘበኛው ጋ እንዲቀመጥ፣ ዘበኛውም እንዲሠለጥን ጠይቁ። ይህ ካልተሟላ ሊፍቱ ተዘግቶ ቢቆይ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ መልስ ካልመጣ

ኪራይ መክፈል አታቋርጡ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፤ አስተዳደሩም የሚጠብቀው እሱን ነው። ኪራይ ካልከፈላችሁ እናንተ ውል አፍራሽ ትሆናላችሁ፣ የውሃው ጉዳይም ይረሳል። ራሳችሁ ጠግናችሁ ከኪራይ ለመቀነስም መጀመሪያ «እስማማለሁ» የሚል ጽሑፍ ያዙ። በስልክ መልእክት የመጣ «እሺ» እንኳ ከምንም ይሻላል።

ቀጥሎ ሽማግሌ። ባለቤቱ ውጭ ከሆነ እዚህ ያለ ታላቅ ወንድሙን ወይም የሚያከብራቸውን ሰው ፈልጉ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌም ማስረጃ ይወዳል። ከዚያ ቀበሌና ክፍለ ከተማ፤ በተለይ ጉዳዩ የኪራይ ጭማሪ ወይም የማስወጣት ማስፈራሪያ ከሆነ። ፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ መንገድ ላይ ከወጣ የጤናና የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው የሚመለከታቸው፤ እነሱ ሲመጡ አስተዳደሩ በአንድ ቀን መኪና ያስመጣል። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ለጠበቃ አቅም የሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፦ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ደብተር፣ የተፈረመበት ደብዳቤ።

ደረጃ 9፦ ለመውጣት ከወሰናችሁ

ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ፤ በአዋጁ የሁለት ወር ነው። በመጨረሻው ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ። ቤቱን ከወኪሉ ጋር ክፍል በክፍል ዙሩ፤ ስትገቡ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች በስልካችሁ ክፈቱ። ቁልፉን «ቤቱን በደህና ተረክቤያለሁ» የሚል ፊርማ ሳትቀበሉ አትስጡ።

ሁለተኛ ፎቅ የነበረች ነርስ ባለፈው ሰኔ ስትለቅ ወኪሉ የሽንት ቤቱ ሴራሚክ ተሰንጥቋል ብሎ ያስያዘችውን ሊያስቀርባት ነበር። ስልኳን አውጥታ ስትገባ ያነሳችውን አሳየችው። ስንጥቁ አለ፣ ቀኑም አለ። አየት አደረገና «እሺ እህቴ፣ ነገ በባንክ ይገባልሻል» አላት። ገባላት። በሦስተኛው ነገ።